ተራ አስከባሪዎቹ

ከወላይታዋ አረካ ወደ ሶዶ ለመሄድ መናኸሪያ የገባ ሰው የመጀመሪያ ጉዳዩ ከሾፌር ሳይሆን ከተራ አስከባሪ ጋር ነው። የትኛው መኪና እንደሚጭን፣ የትኛው ገና እንደሚጠብቅ፣ ማን ተራ እንደዘለለ የሚያውቀው እሱ ነው። መኪኖቹ አንድ እንከን ሳይኖርባቸው እሱ ለግማሽ ቀን ቢጠፋ ግቢው ይተራመሳል። የኮምፒውተር ጌም ሞዶች ታሪክ ሲወራ ግን የሚወራው ሁሌም ስለ መኪኖቹ ነው፤ ማን ጎራዴ ሠራ፣ ማን አዲስ አገር ጨመረ፣ ማን ሰማዩን አሳመረ። እኔ ደግሞ ታሪኩ የተራ አስከባሪዎቹ ነው ባይ ነኝ። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የሠሪዎቹ ልፋት እርስ በርሱ ተበላልቶ ያልቅ ነበር።

ሞድ ማለት ጌሙን ያልሠራ ሰው ጌሙ ላይ የሚጨምረው ወይም የሚለውጠው ነገር ነው። በብዛት የሚሠራውም ለሮል ፕሌይንግ ጌም ነው፤ ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይን ሕይወት ይዞ መንደር ለመንደር እየዞረ፣ እየነገደ፣ እየተዋጋ ለወራት ለሚኖርበት ዓይነት ጨዋታ። በወላይታ ከተሞች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ጌም ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ነው። ፎልደሩ ሲገለበጥ የቀድሞው ባለቤት የጫናቸው ሞዶችም አብረው ይመጣሉ። ተቀባዩ ከፍቶ ሲገባ ጌሙ ዋናው ማውጫ ሳይመጣ ይዘጋበታል። ወይ አንድ ቤት መሃል ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ተንሳፍፎ ያያል። ወይ የአንዲት ነጋዴ ፊት ከአንገቷ ተለይቶ ጥላሸት የተቀባ መስሎ ይጠብቀዋል። ብዙው ሰው ፎልደሩን ጠቅልሎ ያጠፋና ሌላ ሰው ጋ ሄዶ እንደገና ይገለብጣል። እነዚህ ብልሽቶች ግን ከየት እንደመጡ የሚታወቁ፣ ስም የወጣላቸው፣ መድኃኒታቸውም የተገኘ ነው። መንገዱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

1993–1998፦ ጭነቱ ከሞተሩ ሲለይ

የነገሩ ሥር ከሮል ፕሌይንግ ጌም ውጭ ነው። የአሜሪካው ኢድ ሶፍትዌር በዲሴምበር 1993 ዱም የተባለውን የተኩስ ጌም አወጣ። ቀደም ሲል በሠራው ወልፈንስታይን ላይ ተጫዋቾች የራሳቸውን ካርታና ሥዕል ለማስገባት የጌሙን ዋና ፋይል ይደልዙ ነበር፤ አንዴ ከተነካ መመለሻ አልነበረውም። ዋናው ፕሮግራመር ጆን ካርማክ ይህን አይቶ በዱም ላይ ካርታውን፣ ሥዕሉንና ድምፁን ‹ዋድ› በሚባል ፋይል ጠቅልሎ ከሞተሩ ለየው። ተጫዋቹ የራሱን ዋድ ከጎን ያቀርባል፤ ጌሙ ሲነሳ ከነባሩ ይልቅ የእሱን ያነባል፤ ሲሰለቸው ያነሳዋል፤ ነባሩ እንዳለ ነው። ዛሬ ሞድ የምንለው ነገር ሁሉ የቆመው በዚህ ውሳኔ ላይ ነው።

በ1998 የካናዳው ባዮዌር ባልዱርስ ጌትን ሲያወጣ ለተጫዋቾች የሰጠው መሣሪያ አልነበረም። የፋይሎቹን አሠራር ራሳቸው ተጫዋቾቹ ፈልፍለው አወጡት። ከጌሙ ፎልደሮች መካከል ‹ኦቨራይድ› የሚባል አንድ ነበረ፤ እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ማንኛውም ፋይል ከነባሩ ይቀድማል። አንድ ሞድ ለጫነ ሰው ይህ ድንቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ነው ጉዱ። ሁለቱም አንዱን ጠጅ ቤት፣ አንዱን ባለ ታሪክ ከነኩ፣ ኋላ የተገለበጠው የፊተኛውን ይደመስሳል፤ የቱ የማን እንደነበረም ምንም ምልክት አይቀርም።

መፍትሔው የመጣው ከሁለተኛው ባልዱርስ ጌት በኋላ፣ በአዲሱ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። ዌስትሊ ዌይመር የሚባል፣ ያኔ በካሊፎርኒያ በርክሊ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠና፣ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ‹ዌይዱ›ን ጻፈ። በዌይዱ የተሠራ ሞድ ሙሉ ፋይል ይዞ አይመጣም፤ ‹እዚህ ፋይል ውስጥ ገብተህ ይህችን መስመር ቀይር፣ ሌላውን አትንካ› የሚል ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አሥር ሞዶች አንዱን ፋይል እየተቀባበሉ ሊያርሙት ይችላሉ። ሁሉም በገቡበት ቅደም ተከተል ይመዘገባሉ። ከመሃል አንዱ ይውጣ ከተባለ ዌይዱ ከላዩ ያሉትን አንድ በአንድ ያነሳል፣ የተፈለገውን ያወጣል፣ የቀሩትን በነበረው ተራቸው መልሶ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው እውነተኛ ተራ አስከባሪ ይህ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ጌሞች የተሠሩት ብዙዎቹ መሣሪያዎች በብልሃት ከእሱ ያንሳሉ፤ በዝና ግን በለጡት።

2002፦ ሁለተኛው ሲዲ

የበለጡትም በሞሮዊንድ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚገኘው ቤተስዳ በገንዘብ ተጨንቆ በነበረበት ሰዓት፣ በቶድ ሃዋርድ መሪነት የሠራውን ይህን ጌም በሜይ 2002 ሲያወጣ በኮምፒውተሩ እሽግ ውስጥ ሁለተኛ ሲዲ ጨመረበት። በሲዲው ያለው ‹ኮንስትራክሽን ሴት› ሠራተኞቹ ራሳቸው የጌሙን መሬት፣ ቤትና ሰው ያቆሙበት መሣሪያ ነው። ማንም ገዢ ከፍቶ አዲስ ቤት መሥራት ይችላል።

አሠራሩን ማወቅ ለኋላው ይጠቅማል። የጌሙ ዓለም በሙሉ አንድ ትልቅ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ጎራዴ፣ እያንዳንዱ ሰው፣ እያንዳንዱ በር በውስጡ አንድ ገጽ አለው። ዋናው መዝገብ ‹ማስተር› ይባላል። ሞዱ ‹ፕለጊን› ሆኖ ይመጣና ‹ማስተሩ ላይ ያለውን ይህን ገጽ በዚህ ተካው› ይላል። ሁለት ፕለጊኖች አንዱን ገጽ ከነኩ ኋላ የተነበበው ያሸንፋል፤ የሚያሸንፈውም በሙሉ ገጹ ነው። መናኸሪያ ላይ ፊት የተሰለፈ ነው የሚጠቀመው፤ እዚህ ግን የመጨረሻ የደረሰ ነው የሚነግሠው።

በምሳሌ እንየው። ሽፍቶች ምን ይዘው እንደሚመጡ የሚወስን ዝርዝር አለ። አንዱ ሞድ እዚህ ዝርዝር ላይ አዲስ ጦር ይጨምራል፤ ሌላው አዲስ ቀስት ይጨምራል። ተጫዋቹ ሁለቱንም ይጭናል። ጌሙ ኋላ የተነበበውን ዝርዝር ብቻ ይወስዳል፤ ቀስቱ አለ፣ ጦሩ የለም። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፣ ጌሙ አይዘጋም። ሰውየው ሞዱን እንደ ጫነ ያምናል፤ ጦሩን ግን ዓይኑ ሳያየው ጌሙን ይጨርሳል። በሞድ ዓለም በጣም የሚያስቸግረው ብልሽት እንዲህ ያለው ዝምተኛው ነው፤ ጌሙን የሚዘጋው ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል።

ተራውስ በምን ይወሰን ነበር? በፋይሉ ቀን! ሞሮዊንድ ፕለጊኖቹን የሚያነበው በመጨረሻ በተነኩበት ቀን ቅደም ተከተል ነበር። ስለዚህ ተጫዋቾች ተራ ለማስያዝ የፋይሎችን ቀን በእጃቸው ይቀይሩ ነበር፤ የአምናውን የዛሬ፣ የዛሬውን የካቻምና ያደርጉታል። ከ255 ፕለጊን በላይም አይቻልም ነበር። ‹ራይ› በሚል ብዕር ስም የሚታወቅ ሰው ‹ራይ ማሽ›ን የሠራው ይህን ሁሉ በአንድ መስኮት ለማስተዳደር ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ሮቢን ስኮት የሚባል ወጣት ሞሮዊንድ ገና ሳይወጣ፣ በ2001፣ ስለ ጌሙ የከፈተው ገጽ ቀስ በቀስ የሞዶች ማከማቻ እየሆነ ሄደ። ኋላ ኔክሰስ ተብሎ ከዓለም ትልልቅ የሞድ መጋዘኖች አንዱ የሆነው እሱ ነው።

ሞሮዊንድ በወጣበት ዓመት የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔት ማቅረብ ከጀመረ ገና አምስት ዓመቱ ነበር፤ መስመሩም ሞደም እየጮኸ በስልክ የሚሳብ ነበር። ሞሮዊንድን በጊዜው የተጫወተ የአረካ ልጅ ካለ ብርቅ ነው።

2006–2010፦ ሁሉም ሁሉን ሲነካ

የሞሮዊንድ ተከታይ ኦብሊቪየን በማርች 2006 ወጣ። በወሩ ቤተስዳ የፈረስ ጥሩር በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም መሸጥ ጀመረና ዓለም ሳቀበት። ለእኛ ታሪክ የሚበልጠው ግን ሌላ ቅሬታ ነው። ጌሙ ጠላቶችን ከተጫዋቹ ጋር እኩል ያሳድጋቸው ነበር፤ ተጫዋቹ ሲጠነክር መንገድ ላይ ያለ ተራ ሽፍታ ሳይቀር በመስታወት ጥሩር ተሸልሞ ጥቂት ሳንቲም ይለምናል። ይህን ለማረም የተነሱት ሞዶች አንድ ጎራዴ ጨምረው የሚሄዱ ዓይነት አልነበሩም፤ ኦስኩሮ፣ ፍራንቼስኮና ማርቲገን በሚባሉ ሠሪዎች ስም የሚታወቁት ትልልቅ ሞዶች የጌሙን ጠላት ሁሉ፣ ሀብት ሁሉ ከሥሩ የሚገለብጡ ነበሩ። ሦስቱንም የሚፈልግ ሰው መጣ። ሦስቱንም አንድ ላይ የሚያጋባ ‹ኤፍኮም› የሚባል ሞድም መጣ። እሱን ለመጫን ደግሞ በርካታ ፋይሎችን አንድም ሳይዛነፍ መደርደር ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ ከቦታው ከተሳሳተ ሁሉም ከንቱ።

የለውጡ ነጥብ እዚህ ነው። እስከዚያ ድረስ ተራ ማስያዝ የእያንዳንዱ ተጫዋች የቤት ሥራ ነበር፤ ከኤፍኮም በኋላ የጋራ ዕውቀት ሆነ። ለዚሁ መደርደሪያነት ከተጻፈች ትንሽ ረዳት ፕሮግራም ‹ቦስ› ተወለደ። ቦስ በሺህ የሚቆጠሩ ሞዶችን ስምና ትክክለኛ ቦታ የያዘ ዋና ዝርዝር ነበረው። ዝርዝሩን የሚጽፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አንድ ሞድ ሲወጣ ይፈትሹታል፣ ከማን በኋላ እንደሚቀመጥ ይወስናሉ፣ ይጨምሩታል። ራይም ለኦብሊቪየን ‹ራይ ባሽ›ን ሠራ። ባሽ የሁሉንም ሞድ የሽፍታ ዝርዝር ሰብስቦ አንድ የተዋሐደ ፕለጊን ይሠራና ከሁሉ መጨረሻ ያስቀምጠዋል። የጠፋው ጦር ተገኘ፤ ጦሩም ቀስቱም አብረው መጡ።

‹ኤልሚንስተር› የሚባለው ፕሮግራመር ደግሞ ግጭቱን በዓይን የሚታይ አደረገው። በእሱ ‹ቴስ ፎር ኤዲት› መስኮት ውስጥ አንድ ገጽ ሲከፈት እያንዳንዱ ሞድ የራሱ ዓምድ አለው፤ የሚስማሙበት በአንድ ቀለም፣ የሚጣሉበት በቀይ ይወጣል፤ አሸናፊው በቀኝ ዳር ነው። ከዚያ በፊት ‹ይህ ሞድ ከዚያኛው ጋር አይስማማም› የሚለው ወሬ ነበር። ከዚያ በኋላ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው መስመር እንደሚጣሉ በጣት ማሳየት ተቻለ። መሣሪያው ስሙን እየቀያየረ ለቤተስዳ የኋላ ጌሞች ሁሉ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

2011–2014፦ ስካይሪም

የኦብሊቪየን ተከታይ ስካይሪም ኖቬምበር 11 ቀን 2011፣ በእኛ ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ወጣ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2012፣ ቤተስዳ የሞድ መሥሪያውን ለቀቀ፤ በዚያው ቀን የቫልቭ ኩባንያ ስቲም ወርክሾፕን ለጌሙ ከፈተ። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ ሞዱ ራሱ ይወርዳል፣ ራሱን ያድሳል። ሚሊዮኖች ገቡ። ብዙዎቹ ተራ የሚባል ነገር መኖሩን ሰምተው አያውቁም።

‹ራሱን ያድሳል› የሚለው ምን ጣጣ እንዳለው ለማወቅ ስካይሪም ጨዋታው የደረሰበትን የሚያስቀምጥበትን ሴቭ ፋይል ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ጌም ሞዶች ‹ፓፒረስ› በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ትእዛዝ ይዘው ይመጣሉ። ተጫዋቹ ሴቭ ሲያደርግ በሥራ ላይ ያሉት ትእዛዞችም እዚያው ፋይል ውስጥ ይገባሉ። ሞዱ ነገ ራሱን ቢያድስ ወይም ቢጠፋ አሮጌው ትእዛዝ ሴቩ ውስጥ ይቀራል፤ የሌለ ነገር እየፈለገ ይባዝናል። ሴቩ በአንዳንዱ ሰው ላይ ይፋፋል፣ አንድ ቀን አልከፈት ይላል። ጨዋታ መሃል ሞድ አታውጣ የሚለው ሕግ የመጣው ከዚህ ነው፤ ሕጉን የሚያወርሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ የተበላሸ የሦስት ወር ሴቭ ነው።

‹ታኒን› የሚባል ጀርመናዊ ፕሮግራመር የሠራው ሞድ ኦርጋናይዘር ነገሩን ከሌላ ማዕዘን ያዘው። እስከ እሱ ድረስ ሞድ መጫን ማለት ፋይሎቹን የጌሙ ‹ዳታ› ፎልደር ውስጥ ማፍሰስ ነበር፤ የማን የማን እንደሆነ ከፈሰሰ በኋላ መለየት ጭንቅ ነው። ሞድ ኦርጋናይዘር እያንዳንዱን ሞድ በራሱ ፎልደር ያኖረዋል። ጌሙ ሲነሳ ብቻ ሁሉም ዳታ ውስጥ ያሉ አስመስሎ ያሳየዋል፤ ጌሙ ሲዘጋ ዳታ እንደ ተወለደ ንጹሕ ነው። መስኮቱ ሁለት ዝርዝር አለው። ግራው የፋይሎች ቅድሚያ ነው፤ ሥዕልና ቅርጽ ሲጋጭ ማን ያሸንፍ የሚለውን ይወስናል። ቀኙ የፕለጊኖች ተራ ነው፤ በመዝገቡ ገጽ ላይ ማን ይንገሥ የሚለውን ይወስናል። ሁለቱ የተለያዩ ተራዎች መሆናቸውን ያልተረዳ ሰው ቀኙን ሲደረድር ይውላል፤ ችግሩ ግራ ነው።

መግቢያው ላይ የጠቀስኳቸው ብልሽቶችም በእነዚህ ዓመታት ነው በደንብ የታወቁት። ጌሙ ማውጫው ሳይመጣ ከተዘጋ አንድ ፕለጊን የሚደገፍበት ማስተር ጎድሏል ማለት ነው፤ በተገለበጠ ፎልደር ላይ ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው። ቀይ ቃለ አጋኖ የቅርጽ ፋይል ሲጠፋ የሚወጣ ምልክት ነው። ወይን ጠጅ የለበሰ ግድግዳ የሥዕል ፋይል ጎድሎታል። የጠቆረው ፊት ደግሞ የተራ ጥያቄ ነው፤ የሴትዮዋ መዝገብ ከአንዱ ሞድ፣ የፊቷ ፋይል ከሌላው መጥቶ አልገጣጠም ብሏል። በግራና በቀኝ ዝርዝር ላይ ያው አንዱ ሞድ እንዲያሸንፍ ማድረግ ፊቱን ይመልሳል። ምልክት በማይሰጠው ላይ የተለመደው ዘዴ መክፈል ነው፦ ግማሹን ሞድ ማጥፋት፣ ጌሙን ማስነሳት፣ ችግሩ ካለ የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት መክፈል። መቶ ሞድ ቢኖር ሰባት ሙከራ ይበቃል፤ አንዱ የሌላው ማስተር ከሆነ ሁለቱን አብሮ ማንሳት ነው። ለሙከራ ሁልጊዜ አዲስ ጨዋታ ይከፈታል፤ በነባሩ ሴቭ ላይ የሞከረ ሴቩን ተሰናብቶ ነው።

ሁሉም ብልሽት ግን ከሞድ አልመጣም። ስካይሪም ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ስለነበር ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ሚሞሪ ቢኖረው ከሦስት ጊጋባይት እምብዛም ሳያልፍ ይወድቅ ነበር። በ2014 ‹ሼሰን› የሚባል ሰው ጌሙ ሚሞሪ የሚይዝበትን አንድ ቦታ አግኝቶ አሰፋው፤ ለዓመታት በሞድ ሲሳበብ የነበረ መውደቅ በብዛት ቆመ። በዚያው ሰሞን ቦስን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ‹ሉት› የተባለውን ተተኪ አመጡ። ሉት ሁሉንም ሞድ በስም አይጠብቅም፤ ፕለጊኖቹ ውስጥ ገብቶ ማን ምን እንደሚነካ አይቶ ተራውን ራሱ ያሰላል፤ የሰዎቹን ዝርዝር ለአስቸጋሪዎቹ ብቻ ይጠቀማል።

ኤፕሪል 2015፦ የገንዘብ ጥያቄ

ኤፕሪል 23 ቀን ቫልቭና ቤተስዳ የስካይሪም ሞዶች በወርክሾፕ በገንዘብ እንዲሸጡ ፈቀዱ። ለሠሪው 25 በመቶ፣ ለቫልቭ 30፣ ለቤተስዳ 45። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተቃውሞ ፈረመ፤ ከአራት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 27፣ ተነሳ፤ ገንዘቡም ለገዢዎች ተመለሰ።

ታሪኩ የሚነገረው እንደ ስግብግብነት ታሪክ ነው፤ ክፍፍሉን ላየ ሰው ይህ ውሸት አይደለም። የከሸፈበት ጥልቅ ምክንያት ግን ጥገኝነት ነው። መጀመሪያ ለሽያጭ ከቀረቡት አንዱ የዓሣ ማጥመጃ ሞድ ነበር፤ የዓሣ አጥማጁን እንቅስቃሴ ያገኘው ደግሞ ሌላ ሰው በነፃ ከሚሰጠው የእንቅስቃሴ ሞድ ነው። ያ ሰው ቅር አለው፤ የዓሣው ሞድ በዚያው ተነሳ። በነፃው ዘመን አንዱ በሌላው ላይ መደገፉ ጸጋ ነበር፤ ዋጋ ሲለጠፍበት እያንዳንዱ ድጋፍ የዕዳ ጥያቄ ሆነ። የሉትን ዝርዝር ለሚጽፉት፣ ግጭቱን ለሚያስታርቁት ከመቶው ስንት ይድረስ ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም።

2016–2021፦ ከላይ የሚመጣ ብልሽት

በኦክቶበር 2016 ስካይሪም በ64 ቢት ታድሶ ወጣና የሚሞሪው መከራ አበቃ። አዲሱ መከራ በ2017 ‹ክሪኤሽን ክለብ› ከሚባለው የቤተስዳ ሱቅ ጋር መጣ። ሱቁ አዲስ ዕቃ ሲያስገባ የጌሙ ዋና ፕሮግራም ይታደስ ነበር። ትልልቆቹ ሞዶች የሚቆሙበት ‹ስክሪፕት ኤክስቴንደር› ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የሚገኝበትን አድራሻ ቆጥሮ ነው የሚሠራው፤ ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር አድራሻው ይፈልሳል። ተጫዋቹ ማታ የተወው ጌም ጠዋት አይነሳም፤ ምንም አልነካም፣ ተራውም አልተዛነፈም። ዕቃውን አልገዛሁም ያለም አልዳነ።

ሱቁ አንድ መልካም ነገር አምጥቷል። ለራሱ ዕቃ የፈለሰፈው ‹ላይት› ፕለጊን ከ255ቱ ቦታ አይወስድም፤ እስከ 4,096 ይገባል። ከሞሮዊንድ ጀምሮ የነበረው አጥር በዚህ ፈረሰ።

በ2019 ዋባጃክ መጣ፤ አንድ ሰው ለወራት የደረደረውን ሙሉ ስብስብ፣ ተራውን ጭምር፣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ የሚያቆም ፕሮግራም። ሞዶቹን ራሱ አያድልም፤ ከየቦታቸው አውርዶ በትእዛዙ መሠረት ይገጣጥማል። ለአረካው ተጫዋች ግን ይህ መንገድ ጠባብ ነው። ትልልቆቹ ስብስቦች ከመቶ ጊጋባይት ያልፋሉ። ኔክሰስ በራስ ሰር ማውረድን ለከፋዮች ብቻ ይፈቅዳል፤ የማይከፍል ሰው እያንዳንዱን ሞድ በእጁ ይጫናል፣ ፍጥነቱም የተገደበ ነው። ብር ብቻ ለያዘ ሰው ውጭ አገር ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በፓኬጅ ኢንተርኔት መቶ ጊጋ የሚያወርድ ደግሞ ወይ ሀብታም ነው ወይ የቢሮ ዋይፋይ አለው።

ኔክሰስ በ2021 ተመሳሳይ ስብስቦችን ራሱ ሲጀምር ስብስብ እንዳይፈርስ ብሎ ከእንግዲህ የሞድ ፋይል አይጠፋም፣ ወደ ማህደር ይገባል እንጂ አለ። ‹የሠራሁትን የማንሳት መብቴ የት ሄደ?› ያሉ ሠሪዎች ጥለው ወጡ። ሠሪዎቹ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ኔክሰስም ትክክል ነበር። ተራ የያዘ ነገር አንዱ ሲወጣ እንደሚፈርስ ከዌይዱ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 11፣ በጌሙ አሥረኛ ዓመት፣ የክብረ በዓል እትሙ ወጣና የስክሪፕት ኤክስቴንደር ሞዶችን በጅምላ ሰበረ። መልሱ ፈጣን ነበር፤ ጌሙን ወደ ቀድሞው 1.5.97 እትም የሚመልስ ፕሮግራም በቀናት ውስጥ ተሠራ። ብዙዎች ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ዓመታት አልፈውም ከዚያ ያልወጡ አሉ። አረካ ላይ ደግሞ መመለስ አያስፈልግም። በሃርድ ዲስክ የተገለበጠ ጌም ከላይ የሚያድሰው የለም፤ የቀርፋፋው መስመር ብቸኛ ውለታ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

2023 እና ወዲህ፦ የድሮው ዝርዝር

በኦገስት 2023 የቤልጂየሙ ላሪያን ባልዱርስ ጌት ሦስትን አወጣ። ሰባተኛው ማሻሻያ በሴፕቴምበር 2024 እስኪመጣ ድረስ ተጫዋቾች ሞድ የሚያስተዳድሩት ራሳቸው በሠሩት ፕሮግራም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሞድ ማስተዳደሪያው ከጌሙ ማውጫ ላይ ይገኛል። ፎልአውት ለንደን የተባለው ግዙፍ ሞድ በኤፕሪል 2024 ሊወጣ ቀን ቆርጦ ሳለ ቤተስዳ በዚያው ሳምንት ሞዱ የሚቆምበትን ጌም፣ ፎልአውት አራትን፣ አደሰ፤ ሞዱ እስከ ጁላይ ዘገየ፣ ሲወጣም አብሮት ጌሙን ወደ ኋላ የሚመልስ ዘዴ ነበረው። በ2025 ኤፕሪል የታደሰው ኦብሊቪየን በድንገት ሲለቀቅ ለሞድ የሚሆን መሣሪያ አልነበረውም። በቀናት ውስጥ ሰዎች አወቁት፤ አዲስ ሥዕል የለበሰው ጌም ሥሩ ያው የ2006ቱ ነው፣ ፕለጊኖቹንም ‹ፕለጊንስ› በሚባል የጽሑፍ ፋይል ላይ ከላይ ወደ ታች በተጻፉበት ተራ ያነባል። ኖትፓድ ከፍቶ የሞዱን ስም በእጅ መጻፍ ነው።

ከእኛ አገር የሚጠበቀው ሞድ የቋንቋ ነው ብዬ አስባለሁ፤ እዚያ ላይ ደግሞ ወላይታ ከአዲስ አበባ ይቀድማል። ስካይሪም ራሽያኛና ጃፓንኛ ይናገራል፤ የግዕዝ ፊደል ግን አያውቅም። ፊደሉ በዩኒኮድ ከ1999 ጀምሮ ቦታ ቢኖረውም ጌሙ የሚጠቀመው የራሱን የፊደል ቅርጽ ፋይል ነው፤ እዚያ ውስጥ ሀ የለም። ወላይትኛ በላቲን ስለሚጻፍ የጌሙን ንግግር ለመተርጎም ከትዕግሥት በቀር የሚጎድለው የለም። አማርኛ ለመጨመር ግን መጀመሪያ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ዋና ፊደል በጌሙ ፋይል ውስጥ ማስገባት፣ ቀጥሎ ‹ፎንትኮንፊግ› የሚባለውን ፋይል ወደዚያ እንዲጠቁም ማድረግ ያስፈልጋል። የፊደል ቅርጽ የሚቀይሩ ሌሎች ሞዶች ሁሉ የሚነኩት ይህንኑ አንድ ፋይል ስለሆነ፣ የግዕዙ በግራው ዝርዝር ከእነሱ በታች መቀመጥ ይኖርበታል።